ማደን ወይስ ማባረር? ትላልቅ አዳኝ አራዊትን በውሻ ማደንን የሚወስኑ ቃላት ታሪክ፣ ከፔካ 12 አንጻር

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ ትላልቅ ሥጋ በል አራዊትን በውሻ ስለ ማደን የሚደነግጉ ሕጎች የሚገለገሉባቸውን ቃላት ታሪክ ይመረምራል። የመመልከቻ ቦታው በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ የሚገኘው፣ አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ በየዕለቱ የሚገናኙበት ፔካ 12 ነው። ዋናው ነጥብ፣ ሕግ በውሻ የሚደረግ አደንን ሲፈቅድም ሆነ ሲከለክል ወሰኑን የሚያሰምረው በውሻው ሳይሆን በግሱ ነው የሚል ነው። አውሬን ከበረት ማራቅና አውሬን ፈልጎ መግደል በአማርኛ በተለያዩ ግሶች ይነገራሉ፤ በፈረንሳይኛ ግን አንድ ግስ ሁለቱን ይሸፍናል። ሕግ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በሚተረጎምበት ጊዜ ይህ ልዩነት የእረኛውንም የአውሬውንም ዕጣ ይነካል። በጽሑፉ ውስጥ የዘመን ቁጥሮች ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ፔካ 12 ስሙን ያገኘው ከመንገድ ምልክት ነው። «ፔ» እና «ካ» በፈረንሳይኛ የኪሎ ሜትር ምልክትን ለሚጠራው ሐረግ የቆሙ ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ቁጥሩም ከከተማው መሐል ያለውን ርቀት ያመለክታል። ፊደላቱ ተጣብቀው እንደ አንድ ስም መነገር ከጀመሩ ወዲህ ግን ቃሉ መለኪያነቱ ቀርቶ የሰፈር መጠሪያ ሆኗል። ሰፈሩ በባልባላ ወገን፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛል። ከወደቡ ጭነው ወደ መሐል አገር የሚወጡ የኢትዮጵያ የጭነት መኪናዎች እዚያ ይቆማሉ። በጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ናቸው፤ የብዙው ነዋሪ የአፍ መፍቻ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ ነው፤ በመኪናዎቹ ዙሪያ ደግሞ አማርኛ ይሰማል። ከቤቶቹ ባሻገር ፍየልና ግመል የሚሰማሩበት ደረቅ ምድር ይዘረጋል።

በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። አንድ እረኛ ፍየሉን ሊነጥቅ የመጣን ጅብ በውሾቹ አሳድዶ ከበረቱ ርቆ ቢገድለው፣ ይህ ሰው አደነ ወይስ ከብቱን ጠበቀ? ጉዳዩ በጅቡቲ ሕግ ፊት ቢቀርብ መልሱ በፈረንሳይኛ ይጻፋል። ከድንበሩ ማዶ ቢቀርብ በአማርኛ ይጻፋል። በኢትዮጵያ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1995 አዋጅ ቁጥር 3 ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጡ፣ ልዩነት በተገኘም ጊዜ የአማርኛው እንዲጸና ደንግጓል። ስለዚህ የአማርኛ ግስ ትርጉም የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ነጻ የሚያወጣ ወይም የሚያስቀጣ ነው።

2. ውሻና አደን በቀንዱ ምድር፦ ጥንታውያን ምንጮች

በቀይ ባሕር አካባቢ በውሻ ስለሚደረግ አደን ከተጻፉት ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ የአጋታርኪደስ ነው። ይህ ግሪካዊ ጸሐፊ በሁለተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ ባሕሩና ስለ አዋሳኝ ሕዝቦቹ የጻፈው መጽሐፍ ዛሬ በሙሉ አይገኝም፤ ይዘቱ ግን በዲዮዶሮስ፣ በስትራቦንና በፎቲዮስ በኩል ደርሷል። ከግብጽ በስተደቡብ ከሚገኙት ሕዝቦች መካከል ግሪኮች «ኪናሞልጎይ»፣ ማለትም «ውሻ አላቢዎች» ብለው የሚጠሯቸው ነበሩ። እንደ ምንጮቹ አነጋገር እነዚህ ሰዎች ትላልቅ ውሾች ያረቡ ነበር። በዓመቱ የተወሰነ ወቅት የበዛ የዱር ከብት መንጋ ምድራቸውን ሲወርር በውሾቹ ይከላከላሉ፤ በውሾቹም አድነው ሥጋውን ይመገባሉ።

ይህ ትረካ በሁለት ምክንያት ትኩረት ይሻል። የመጀመሪያው መከላከልና ማደን በአንድ ትረካ ውስጥ አንዱ ከሌላው ሳይለይ መቅረቡ ነው፤ ያው መንጋ በአንድ ወገን ወራሪ፣ በሌላው ቀለብ ነው። ሁለተኛው ስሙ ከውጭ የተሰጠ መሆኑ ነው። በውሻ የሚያድን ሕዝብ በውሻው ተሰየመ፤ ስሙም ክብር የሚሰጥ አልነበረም።

ተመሳሳይ ነገር ከሁለት ሺህ ዓመታት በኋላ በሶማሌ ምድር ይታያል። በ1895 የታተመው የእንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን የጉዞ መጽሐፍ «ሚድጋን» የተባሉ አዳኞች በውሻና በተመረዘ ቀስት ሳላ እንደሚያድኑ ይገልጻል። ይህ መጠሪያ ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ማኅበረሰቡ መዲባን ወይም ገቦዬ በሚሉ ስሞች መጠራትን ይመርጣል። ለቋንቋ አጥኚዎች የሚበልጠው ቁም ነገር ግን አዳኞቹ ከጎረቤቶቻቸው የተለየ የውስጥ አነጋገር የነበራቸው መሆኑ ነው። ኪርክ በ1904 ስለ ይቢሮችና ስለ ሚድጋኖች ልማድና አነጋገር ያሳተመው ጥናት ከዚህ አነጋገር የተሰበሰበ ቃል ይዟል። በቀንዱ ምድር አዳኝነት ብዙ ጊዜ የተናቀ ሙያ ስለ ነበር ቃላቱም ከዋናው ቋንቋ ጓዳ ውጭ ቀርተዋል። በጣና ዙሪያ በጉማሬ አደን ይታወቁ የነበሩት ወይጦዎች የቀድሞ ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ ተናጋሪ መሆናቸው የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ ነው። የአደን ሕግ ሲረቀቅ የሙያው ባለቤቶች ቃል የማይሰማው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በእስልምና ሕግ ደግሞ ውሻ በተግባሩ ይለያል። በሻፍዒዎች ዘንድ የውሻ ምራቅ ርኩስ ነው፤ የነካው ዕቃም ሰባት ጊዜ ይታጠባል። ሆኖም ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ ተፈቅዷል። በቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ አራተኛ አንቀጽ የሠለጠነ እንስሳ ይዞ ያመጣውን ታዳኝ መብላት ይፈቀዳል፤ እዚያ አሠልጣኞቹ የተጠሩበት «ሙከሊቢን» የሚለው ቃል «ከልብ»፣ ማለትም ውሻ፣ ከሚለው ስም የወጣ ነው። የዐረብኛው «ከልብ» ከግእዙ «ከልብ» ጋር አንድ ቃል ነው፤ አማርኛ ግን ይህን ትቶ «ውሻ» ብሏል። በሌላ በኩል ክራንቻ ያላቸው ነጣቂ አራዊት ሥጋ አይበላም። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት አንበሳን በውሻ ማሳደድ የቀለብ አደን ሊሆን አይችልም፤ ወይ ጥበቃ ነው፣ ወይ ሌላ ዓላማ አለው። ሕጉ የውሻን ተግባር በሦስት ከፍሎ አደንንና የከብት ጥበቃን ለየብቻ መጥራቱ ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ መነሻ የሚሆን ጥንታዊ ልዩነት ነው።

3. የአማርኛ ቃላት፦ አውሬ፣ ጅብ፣ አዳኝ

«አውሬ» የግእዙ «አርዌ» የድምፆች ቦታ ተለዋውጦ የተገኘ ቃል ነው። በግእዝ «አርዌ» ከዱር አራዊት ጀምሮ እስከ እባብ ያለውን ይሸፍን ነበር፤ በአማርኛ ግን «አውሬ» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የሚያስፈራውና የሚናጠቀው ነው። ድኩላን «አውሬ» ብሎ መጥራት ባይከለከልም የቃሉ ክብደት ከነብርና ከጅብ ጋር ነው።

የ«ጅብ» ታሪክ ለተርጓሚ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ግእዙ «ዝእብ» ጅብ ማለት ነው፤ የዐረብኛው «ዚእብ» እና የዕብራይስጡ «ዝኤብ» ግን ተኩላ ናቸው። የቃሉ ዘር አንድ ሆኖ የተጠሪው እንስሳ ተለውጧል። ዐረብኛ ለጅብ «ደብዕ» የሚል ሌላ ቃል አለው። የዐረብኛ ድንጋጌን በድምፅ መመሳሰል ተመርቶ ወደ አማርኛ የሚያዞር ሰው የተጠበቀውን እንስሳ ባልተጠበቀው ሊተካ ይችላል። በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ተኩላ የሚባለው የሰሜንና የባሌ ተራሮች እንስሳም በአማርኛ የታወቀው «ቀይ ቀበሮ» ተብሎ ነው፤ በሕግ ዝርዝር ውስጥ የእንስሳ ስም ብቻውን በቂ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ውሻ በአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ውስጥ ያለው ቦታም ግልጽ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲባል ውሻው በጊዜው አለመጮኹ ይነቀፋል እንጂ ጅቡን አለመግደሉ አይነቀፍም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውም ውሻን ከቤትና ከጌታ ጋር ያስራል። የውሻው ሥራ መጮኽ፣ ማስጠንቀቅና ማራቅ ነው። «አነፍናፊ ውሻ» እና «አዳኝ ውሻ» የሚሉት ቃላት አሉ፤ ነገር ግን የውሻ ቅጽል ሳይጨመር «ውሻ» ሲባል በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ የሚመጣው የደጅ ጠባቂው ነው።

በሕግ ቋንቋ ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን «አደነ» ነው። በግእዝ የአደን ግስ «ነዐወ» ሲሆን አማርኛ በእሱ ፈንታ «አደነ» ይላል። በኦሮምኛ «አደምሱ» ማደን ማለት ነው፤ የሁለቱ ቅርጽ መቀራረብ የሚታይ ቢሆንም መመሳሰል ብቻውን የዘር ማስረጃ አይሆንም። የችግሩ ምንጭ የፊደል ሥርዓቱ መጥበቅንና መላላትን የማያሳይ መሆኑ ነው። «አደነ» ሲነገር «ደ» ይጠብቃል፤ ከ«ዳነ» የወጣው «አዳነ» ግን ይላላል። በኃላፊ ጊዜ ሁለቱ በፊደል ይለያሉ። በትንቢትና በባለቤት ስም ግን አይለያዩም፤ «ያድናል» ሲጻፍ የሚያሳድደውም የሚፈውሰውም አንድ ነው፤ «አዳኝ» ሲጻፍም ገዳዩና ቤዛው አንድ ናቸው። «የዱር እንስሳ የሚያድን ሰው» የሚል ሐረግ በወረቀት ላይ ሲታይ ወንጀለኛንም ተሸላሚንም ሊያመለክት ይችላል። አንባቢው የሚያውቀው ከዐውዱ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ «አዳኝ» ሦስት ተጠሪዎችን ይሸከማል። የሚያድነው ሰው አዳኝ ነው፤ የሚያድነው ውሻ አዳኝ ውሻ ነው፤ በዘመናዊ የሥነ ሕይወት አማርኛ አንበሳና ነብርም አዳኝ እንስሳት ናቸው። ስለዚህ «አዳኝ አዳኝን በአዳኝ ውሻ አደነ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰዋስው ሳይፈርስ የዚህን ጽሑፍ ርእስ በሙሉ ይናገራል፤ ለሕግ ግን አይበቃም። አሮጌው «ሥጋ በል አውሬ» ወይም «ነጣቂ አውሬ» በዚህ ቦታ ከአዲሱ ቃል ይልቅ ግልጽ ነው።

4. ከግዳይ ወደ ፈቃድ፦ የኢትዮጵያ ሕግ ጉዞ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ትልቅ አውሬ መግደል የክብር መንገድ ነበር። አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ግዳዩን ይዞ ይቀርባል፤ ይፎክራል፤ ይሸለማል። የአንበሳ ጎፈርና ለምድ የጀግንነት ምልክት ነበሩ። የዚህ ሥርዓት ማዕከላዊ ግስ «አደነ» ሳይሆን «ገደለ» መሆኑ መስተዋል አለበት። ክብሩ የሚሰጠው «ለገዳይ» ነው፤ ግዳዩም ከአንድ ሰው ክንድ ጋር የተያያዘ ነው። አንበሳውን ውሾች ቢያደክሙትና ሰውየው በመጨረሻ ቢወጋው የፉከራው ቃል ውሾቹን አያነሣም። የክብር ቋንቋ የውሻን ድርሻ ይሰውረዋል፤ ሕግ ግን የተሰወረውን ድርሻ መግለጥ ይኖርበታል።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ ወጣ። ጊዜው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ በ1917 አዲስ አበባ ለመግባት የሚሠራበት ነበር፤ የዝሆን ጥርስና ቆዳም በዚያው ወደብ በኩል ይወጣ ነበር። የመጀመሪያው የአደን ደንብ ያተኮረው በንግድ ዋጋ ባለው እንስሳ ላይ መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል። ሥጋ በል አውሬ በዚያን ጊዜ ጥበቃ የሚሻ ሀብት ተብሎ አልታሰበም።

ከነጋሪት ጋዜጣ መቋቋም በኋላ በ1944 የወጣው አዋጅ ቁጥር 61 በእንግሊዝኛው ርእሱ «ጌም» የሚለውን ቃል ይጠቀማል፤ ይህ ቃል እንስሳን በአዳኙ ዓይን፣ እንደ ታዳኝ፣ የሚያይ ነው። በ1970 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 65 እና በ1972 የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 416 ግን «ዋይልድላይፍ» ወደሚለው ተሸጋገሩ፤ ይህም እንስሳውን በመኖሪያው የሚጠራ ነው። በአማርኛ «የዱር እንስሳት» የሚለው አጠራር ጸንቶ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ዓ.ም. ርእስ ላይም ይገኛል። ሶማልኛም «ዱርጆግ»፣ በዱር የሚኖር፣ የሚል ቃል አለው። እንዲህ ያለው ስያሜ አውሬውንና ድኩላውን በአንድ ጥላ ሥር ያስገባል። ጥቅሙ ሰፊ ጥበቃ መስጠቱ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ ፍየል የሚነጥቀውንና ቅጠል የሚበላውን አለመለየቱ ነው።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ያለው የኢትዮጵያ የአደን ሥርዓት በፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ማን ያድናል፣ የትኛውን ዝርያ፣ በየትኛው ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ቀበሌ፣ በስንት ክፍያ የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። በ2008 በአዋጅ ቁጥር 575 የተቋቋመው የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን የሚያስተዳድረውም ይህንኑ ነው። ይህ መዋቅር ፈቃድ ይዞ ለሚመጣ አዳኝ የተስማማ ነው። ሌሊት በውሻ ጩኸት ተነሥቶ ወደ በረቱ ለሚሮጥ እረኛ ግን የፈቃድ ቋንቋ አይገጥምም፤ እሱ አደን አልወጣም።

በእንስሳ ሥራ ተጠያቂው ማን እንደሆነ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ይመልሳል። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ያመለጠ ቢሆንም እንኳ። ድንጋጌው የተጻፈው በሰዎች መካከል ለሚነሣ የካሳ ጥያቄ ነው። አስተሳሰቡ ግን ውሻው ያደረገው የጌታው ነው የሚል ነው። ይህን ወደ አደን ሕግ እንዳለ መውሰድ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ውሻው በራሱ ጅብ ተከትሎ ቢነክስ ጌታው ሳያስብ «አዳኝ» ይሆናል።

ውሻ ለሥጋ በል አውሬ አደጋ የሚሆነው በጥርሱ ብቻ አለመሆኑም መታወስ አለበት። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የፈጀው ከመንደር ውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ2003 የደረሰው ወረርሽኝ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ውሻን ወደ አውሬ መኖሪያ ይዞ መግባት የአደን ጥያቄ ባይሆንም እንኳ የጥበቃ ጥያቄ ይሆናል።

5. አንድ ቃል፣ ልዩ ልዩ ሕግ፦ ከሌላው ዓለም ንጽጽር

ፈረንሳይኛው «ሻሴ» ከላቲን የተገኘ ሲሆን መሠረታዊ ፍቺው ለመያዝ መጣር ነው። ዛሬ ሁለት ነገር ያመለክታል፤ ማደንና ማባረር። ዝንብን ከምግብ ላይ ማራቅም፣ ሠራተኛን ማባረርም፣ አንበሳን ማደንም በዚሁ ግስ ይነገራሉ። የ1844 የፈረንሳይ የአደን ሕግ ፈቃድ ለያዘ ሰው በመሣሪያ መተኮስንና በውሻ መንጋ ማሳደድን ሕጋዊ መንገዶች አድርጎ አውቋል። ከዚህም በላይ አገሪቱ በካርል ታላቁ ዘመን ሥር ያለው የተኩላ አዳኝ ሹመት ነበራት፤ ተቋሙ በ1787 ተሽሮ በናፖሌዎን ዘመን እንደገና ተቋቁሟል። ሹመቱን የያዘ ሰው የውሻ መንጋ የመቀለብ ግዴታ አለበት፤ በዘመናዊው ድንጋጌ ቢያንስ አራት አሳዳጅ ወይም ሁለት ጉድጓድ ፈልፋይ ውሾች ሊኖሩት ይገባል። እዚህ ላይ ውሻው ክልከላ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ሕጉ አውሬን በውሻ ማጥፋትን የመንግሥት አገልግሎት አድርጎታል።

በምሥራቅ አፍሪካም ይህ አስተሳሰብ ተሞክሯል። በ1911 ገደማ አሜሪካዊው ባለጸጋ ፖል ሬይኒ ድብ ለማሳደድ የሠለጠኑ ውሾቹን ወደ ዛሬዋ ኬንያ አምጥቶ አንበሶችን አሳደደ፤ ጉዞውም በ1912 በፊልም ለሕዝብ ታየ። በዚያን ዘመን የቅኝ አስተዳደሩ አንበሳን የከብት ጠላት አድርጎ እንደ ተባይ ይቆጥር ነበር። ኬንያ በ1977 አደንን በጠቅላላ እስከ ከለከለችበት ጊዜ ድረስ የተደረገው ጉዞ «ተባይ» ከሚለው ቃል ወደ «ሀብት» የተደረገ ጉዞ ነው ማለት ይቻላል።

የእንግሊዝኛው «ሀንት» ደግሞ አንድ ቃል በሁለት ጎረቤት ሕጎች ሁለት መልክ እንደሚይዝ ያሳያል። የስኮትላንድ የ2002 ሕግ «ሀንት» መፈለግንም እንደሚጨምር በትርጓሜው ደነገገ። የእንግሊዝና የዌልስ የ2004 ሕግ ግን ይህን አላለም፤ አንድ ሰው በውሻ አደነ የሚባለው በማሳደድ ተካፍሎ ውሻም ለዚያ ማሳደድ ሲውል መሆኑን ጠቀሰ፤ ውሻው በእሱ ቁጥጥር ሥር መሆኑ አያስፈልግም አለ። በ2009 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚሁ ሕግ ገና ያልተገኘ እንስሳን መፈለግ «ማደን» አይባልም ሲል ወሰነ። በአሜሪካም በ1994 የኦሪገን፣ በ1996 የዋሽንግተን ግዛት መራጮች ፑማን በውሻ ማደንን ሲከለክሉ፣ ለሰው ደኅንነትና ለከብት ጥበቃ የሚደረገው ከክልከላው ውጭ እንዲሆን ቦታ ተትቷል። በእነዚህ ሁሉ ሕጎች ክርክሩ የተነሣው ውሻ ምን እንደሆነ ባለመታወቁ አይደለም። የተነሣው ግሱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ባለመወሰኑ ነው።

6. ፔካ 12 ላይ የሚገናኙ ግሶች

ጅቡቲ በ2004 ባወጣችው የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ድንጋጌ የዱር እንስሳትን ማደንና መነገድ ከልክላለች። በ1992 ደግሞ ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ ወደሚቆጣጠረው ስምምነት ገብታለች፤ ኢትዮጵያ የገባችው በ1989 ነው። ከከተማው በስተደቡብ በሚገኘው የዴካን መጠለያ ከሕገ ወጥ ንግድ የተወረሱ አቦሸማኔዎች ይኖራሉ። አቦሸማኔ በጥንት ዘመን ነገሥታት እንደ ውሻ አሠልጥነው ያደኑበት እንስሳ መሆኑ ሲታሰብ፣ አዳኝና ታዳኝ የሚሉት ቃላት ቋሚ ተጠሪ እንደሌላቸው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

የፈረንሳይኛው ክልከላ «ሻስ» በሚለው ስም ላይ ይቆማል። ይህን ስም ወደ ሶማልኛ የሚያዞር ተርጓሚ በቅርብ የሚያገኘው «ኡጋርሲ» ነው። ነገር ግን ይህ ቃል የወጣው «ኡጋር» ከሚለው ስም ሲሆን እሱም የሚበላ ታዳኝን ያመለክታል። ሥጋ በል አራዊት በሶማልኛ «ዱጋግ» የሚል ሌላ ስም አላቸው፤ ጅብ «ወራቤ»፣ አንበሳ «ሊባሕ»፣ ነብር «ሸቤል» በዚህ ሥር ናቸው። ጅብን ከመንጋ ለማራቅ የሚውለው ግስ «ኤሪ» ነው። «ኡጋርሲ ክልክል ነው» የተባለ እረኛ ክልከላው ሳላንና ሚዳቋን እንጂ «ወራቤ»ን የሚመለከት ላይመስለው ይችላል። በአፋርኛ «ኩታ» ውሻ፣ «ያንጉላ» ጅብ፣ «ሉባክ» አንበሳ ነው፤ ለአፋር እረኛ የሚተረጎም ድንጋጌም እነዚህን እንስሳት በስማቸው ቢጠራ ጥርጣሬን ያስወግዳል። ከዚያው የንግድ መስመር ላይ የምትገኘው ሐረር ደግሞ ሌላ ግንኙነት ታሳያለች፤ «ወራባ» የሚባለው ጅብ በቅጥሩ ቀዳዳዎች ገብቶ ይመገባል፤ ሰዎችም በእጃቸው ያበሉታል። እዚያ ውሻ ለቆ ጅብ ማሳደድ የከተማውን ልማድ ይጻረራል።

በአማርኛ የሚቀርቡት አማራጮች የሚከተሉት ናቸው።

(ሀ) እረኛው ጅቡን በውሻ አደነ።
(ለ) እረኛው ከውሻው ጋር ጅብ አደነ።
(ሐ) እረኛው ጅቡን በውሻ አባረረ።
(መ) እረኛው በጅቡ ላይ ውሻ ለቀቀ።
(ሠ) ውሻው ጅቡን አሳደደ።

በ(ሀ) ውሻው መሣሪያ ነው፤ በ(ለ) ጓደኛ ነው። የእንግሊዝኛው መስተዋድድ እነዚህን ሁለቱን አይለይም፤ የ2004ቱ ሕግ ውሻው «ለማሳደዱ መዋሉን» በተጨማሪ ሐረግ መግለጽ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። አማርኛ «በ» እና «ከ… ጋር» በማለት ያለ ተጨማሪ ሐረግ ይለያቸዋል። በ(ሐ) «አባረረ» ከ«በረረ» የወጣ ነው፤ እንዲሸሽ ማድረግን እንጂ መያዝን ወይም መግደልን አይናገርም። በ(መ) የሰውየው ሥራ መልቀቅ ብቻ ነው፤ ዓላማው ማስነከስም ማስፈራራትም ሊሆን ይችላል። በ(ሠ) ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። «አሳደደ» የ«ስደት» ዘመድ ነው፤ ከቦታ ማፈናቀልን ያሳያል እንጂ ፍጻሜውን አይወስንም።

«አደነ» ራሱ ፍጻሜው እንደ ተሳቢው ይለዋወጣል። «ሲያድን ውሎ ምንም አላገኘም» ሲባል ግሱ ሥራን ያሳያል፤ «ሦስት ሚዳቋ አደነ» ሲባል ግን ሚዳቋዎቹ ሞተዋል። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ሕጎች መካከል የታየው የመፈለግና የማሳደድ ክርክር በአማርኛም በዚህ ቀዳዳ ሊገባ ይችላል። ያልተቆጠረ ተሳቢ ያለው «ማደን» መፈለግን ይጨምራል፤ የተቆጠረ ተሳቢ ያለው ግን ውጤትን ይጠይቃል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የታየው ታሪክ ወደ አንድ ውጤት ይመራል። ከአጋታርኪደስ ጀምሮ እስከ ዛሬው ድንጋጌ ድረስ በውሻ አውሬን መጋፈጥ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ መከላከል፣ ሌላው ማደን። አማርኛ ሁለቱን የሚለይበት በቂ ሀብት አለው፤ ሕጉ ሲረቀቅ ግን ይህ ሀብት ከእንግሊዝኛ ወይም ከፈረንሳይኛ በሚመጣ አንድ ቃል ሥር ይጨፈለቃል። ለረቂቅ አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች አራት ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ወንጀሉ በ«ያድናል» ወይም በ«የሚያድን» ሳይሆን በ«ማደን» ወይም በ«አደን» ቢሰየም ከ«ማዳን» ጋር ያለው መምታታት ይወገዳል። ሁለተኛ፣ «አዳኝ እንስሳ» በሚል ፈንታ የዝርያው ስም ወይም «ሥጋ በል አውሬ» ቢጻፍ ሰው፣ ውሻና አንበሳ አይቀላቀሉም። ሦስተኛ፣ «በውሻ» እና «ከውሻ ጋር» የየራሳቸው ውጤት እንዲኖራቸው ቢደረግ ጠባቂ ውሻ ይዞ የሚሄድ እረኛ ከባለ መንጋ ውሻ አዳኝ ይለያል። አራተኛ፣ «ማባረር» እስከ የት ድረስ ማባረር እንደሆነ፣ ከበረቱ ሲርቅም መቼ «ማሳደድ»፣ መቼስ «ማደን» እንደሚሆን በግልጽ መወሰን አለበት።

ሕጉ አውሬው እንዳይጠፋ ነው የሚደነገገው። ይሁንና ክልከላው ሕዝቡ በማይለየው ቃል ከተጻፈ እረኛው የማያውቀውን ወንጀል ይሠራል፤ ወይም ደግሞ ሆን ብሎ በውሻ አውሬ የሚፈጅ ሰው «አባረርኩ እንጂ አላደንኩም» ብሎ ያመልጣል። በፔካ 12 አምስት ቋንቋዎች በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ይተላለፋሉ፤ አንዱ እረኛና አንዱ ጅብ ግን በሁሉም ዘንድ ያው ናቸው። ግሶቹ በየቋንቋው ተለይተው ከተጻፉ ሕጉ ሁለቱንም ሊጠብቅ ይችላል።